ከአስቸኳይ በላይ

ያን ጽሕፈት ቤት ሳያይ የሞተ ሰው ያሳዝናል። በዓለም ላይ መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ እንደ እሱ የሚጣደፍ ግን ገና አልተፈጠረም። የመንገድና የድልድይ ጥገና ጽሕፈት ቤት ይባላል። በኮሪደሩ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ከታየ ባለጉዳይ መሆን አለበት። ሠራተኛው ይሮጣል። ፋይል በብብቱ ሸጉጦ፣ ብዕር በጥርሱ ነክሶ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ከአንዱ ቢሮ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የመጣበትን ጉዳይ ለማስታወስ ትንሽ ቆሞ ያስባል። ሻይ እንኳ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ አልነበረም። የከተማው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ መሆኑንና ድልድዮቹ በአንድ እግራቸው መቆማቸውን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ምቀኞች አሉ። ምቀኛ የማያጣ ሥራ ነውና እንለፋቸው።

የዚህ ሁሉ ትጋት ምንጭ ዋና ኃላፊው ነበሩ። ሠራተኛው ከኋላቸው «አሁኑኑ» ይላቸዋል፤ ስሙ ጆሯቸው ደርሶ ደስ እንዳላቸውም ይወራል። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው አይቀመጡም፤ ለመነሣት እንዲያመቻቸው ጫፉ ላይ ጣል ይላሉ። የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር የሚጨርሱት አልፎ አልፎ ነው፤ የሚቀጥለው ስለሚጠብቃቸው ነው። ስልክ ሲያነሡ «እሺ፣ አሁኑኑ» ይሉና ማን እንደ ደወለ ሳይጠይቁ ይዘጋሉ።

ይህ ታሪክ ግን የእሳቸው ሳይሆን የመዝገብ ቤቱ ሹም ነው። ሹሙ ጠጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ቃል የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቃል ያለ ቦታው ገብቶ ካየ ምሳ አይወርድለትም። ከዚህ በቀር ክፉ አመል የለበትም፤ እናቱን ይወዳል፣ ሚስቱን ይፈራል፣ ወረቀት አይጠፋበትም። እንዲህ ያለው ሰው በሰላም ጡረታ ይወጣ ነበር፣ ጊዜው የጥድፊያ ባይሆን።

በመጀመሪያ አንዲት ማኅተም ብቻ ነበረች፤ «አስቸኳይ» የምትል፣ እጀታዋ የተላላጠ፣ ቀይ ቀለም የምትወድ። በዚያን ዘመን ማኅተሟ ያረፈችበት ወረቀት እውነትም ይቀድም ነበር። ዘመኑ አጭር ሆነ። አንዱ ክፍል የሌላው ወረቀት በማኅተም እንደ ቀደመው ሲያይ ማኅተሟን ተዋሰ፤ ሌላውም ተዋሰ፤ ብዙ ሳይቆይ ያለ እሷ ወረቀት መላክ ራቁትን ገበያ እንደ መውጣት ተቆጠረ። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይቀየርልን የሚለውም አስቸኳይ፣ የሞተው የአጥር ችግኝ ለምን ሞተ የሚለውም አስቸኳይ ሆነ። ሁሉም አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ አንድ ብልህ ሰው በእስክርቢቶ «እጅግ» የምትል ጨመረ። በሳምንቱ ሁሉም «እጅግ አስቸኳይ» ሆነ። ሌላው «አጣዳፊ» ብሎ አለፈው፤ «አንገብጋቢ» ተከተለ፤ «ጊዜ የማይሰጥ» መጣ፤ በመጨረሻም ከሒሳብ ክፍል «ለነገ የማይባል» የሚል ወረቀት ሲወጣ ቤቱ ጸጥ አለ።

ኃላፊው ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «ቸኩለናል» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን አቸኳኮላችን ሥርዓት አጥቷል። አጣዳፊው አስቸኳዩን ይቅደም ወይስ አስቸኳዩ አጣዳፊውን? ይህን ሳናውቅ ወደ ሥራ ብንገባ ታሪክ ይ...» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። የሚቀጥለውም «የጥድፊያ ቃላት ደረጃ አውጪና አጣሪ ኮሚቴ» መቋቋሙ ነበር። ሰብሳቢው የመዝገብ ቤቱ ሹም፤ አባላቱ የሕግ አማካሪውና የንብረት ክፍሏ ኃላፊ። ለዚህ ቀን የተፈጠረ ሰው መሆኑን ያን ዕለት አወቀ።

በጋውን ሙሉ ሠራ። እያንዳንዱን ቃል አንሥቶ መዘነ፣ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚስማማ መረመረ፣ በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ሞከረው። የወጣው መመሪያ ዛሬም ቢነበብ ያስደንቃል። «አስቸኳይ» ይላል፣ ለስብሰባና ለጥሪ ይሆናል፤ ምሳሌ፦ «ኃላፊው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ናቸው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ኃላፊው ቢኖሩም ባይኖሩም ስለሚያገለግል የቃሉ ጥንካሬ የተረጋገጠ ነው። «አጣዳፊ» ለበሽታና ለበጀት መዝጊያ ብቻ የተመደበ ነው። «አፋጣኝ» ከምላሽ ጋር ካልሆነ ብቻውን መቆም አይችልም፤ ምሳሌ፦ «አፋጣኝ ምላሽዎን እንጠባበቃለን።» የዚህኛው ክብደት ያረፈው «እንጠባበቃለን» በሚለው ላይ መሆኑ በግርጌ ማስታወሻ ተብራርቷል። «አንገብጋቢ» የጥያቄ ቅጽል ነው፤ አንገብጋቢ መልስ እስካሁን አልታየም። «ሳይውል ሳያድር» ለማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ የሚጻፍበትም ነገሩ ከዋለና ካደረ በኋላ ነው። «ለነገ የማይባል» የመጨረሻው ከፍታ ሲሆን፣ ከዚህ በፊት ለነገ ተብሎ ለማያውቅ ጉዳይ ብቻ ይሰጣል። «ቶሎ» የሚለውን ግን ኮሚቴው ሳይቀበለው ቀረ። የቤት ቃል ነው፣ ማዕረግ የለውም ተባለ።

ከመመሪያው ጋር ለየደረጃው አንድ ቀይ ማኅተም ተቀረጸ፤ አንዲት አጭር አንቀጽም ወጣች፤ የጥድፊያ ቃል ያለበት ማንኛውም ወረቀት ቃሉ ከጉዳዩ ጋር መስማማቱ በኮሚቴው ሳይረጋገጥ ወደ ሥራ ክፍል አይወርድም የምትል። የጥድፊያ ቃል የሌለበት ወረቀት ደግሞ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ወረቀት ወደ ኮሚቴው ጎረፈ። ጠረጴዛው ሞልቶ ወንበሩ፣ ወንበሩ ሞልቶ መስኮቱ ተያዘ። ከግቢው ጀርባ ያለው የአናጢው ወርክሾፕ ትእዛዝ መውረድ ስላቆመለት አናጢው ጥላ ሥር ተቀምጦ መጋዙን ይስላል፤ የተሳለውን መጋዝ መልሶ ይስላል። ኃላፊው ክምሩን አይተው «ይሄ ነው ሥራ» አሉ፤ ሹሙም የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። አስቸኳይ የሚል ነበረበትና እሱም ለማጣራት ኮሚቴው ዘንድ ተቀመጠ።

የሹሙ እናት ከከተማው ዳር፣ ከፈፋ ማዶ ነው የምትኖረው፤ ሹሙ ተወልዶ ያደገበት ቤት ውስጥ። ከወዲህ ወደ ማዶ የሚያሻግረው አንድ የእንጨት ድልድይ ነው፤ ጤና ጣቢያውም፣ ገበያውም፣ ልጇም ከወዲህ ነው ያሉት። ድልድዩን የሚሸከሙት ሁለት ግንዶች ሲሆኑ አንደኛው ተሰንጥቋል። የማዶ ሰው ባልተሰነጠቀው በኩል በጎኑ እየተንፏቀቀ መሻገር ለምዷል፤ እናቱ ግን ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፣ የደም ግፊት መድኃኒቷንም የምታመጣው ከወዲህ ነው። እሑድ ሹሙ ሊጠይቃት ሄደ።

«ያ ድልድይህ ሊበላን ነው» አለችው፣ ገና ሳይቀመጥ።

«የኔ አይደለም እማዬ፣ የጽሕፈት ቤቱ ነው።»

«ጽሕፈት ቤቱስ? አንተ አይደለህ እንዴ እዚያ የምትውለው?»

«እኔ መዝገብ ቤት ነኝ።»

«ታዲያ መዝግበዋ።»

ሹሙ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «ክረምቱ ደረሰ» አለች። «ፈፋው ከሞላ ያ ግንድ አይችልም። ትናንት የጎረቤታችን እግር በጣውላው መሃል ሾልኮ እስከ ጭኑ ገባ። እኔ ብሆን እዚያው እቀራለሁ።»

«እኔ ጋ ነይ፤ ክረምቱን እዚያ ክረሚ።»

«ያንተ ቤት ደረጃ ይበዛዋል፤ ሚስትህም ትቸኩላለች። እኔ ቤቴን ነው የምፈልገው። ድልድዩን ጠግኑት፣ በቃ።»

ሹሙ በዚያ ምሽት የእናቱ ነገር አንጀቱን በላው። በማግሥቱ ለድልድዩ የጥገና ጥያቄ ጻፈ፤ ካሉት ቃላት ትልቁን መረጠና በራስጌው ላይ «ለነገ የማይባል» ብሎ አኖረ። ልቡ ቀለል አለው። የቃላቱን ሁሉ ደረጃ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነውና ማን ይመልስበታል?

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጉዳዩ የሰብሳቢውን እናት ስለሚነካ ሰብሳቢው ዝም ብሎ እንዲሰማ ተወሰነ፤ ውሳኔውንም እሱ ራሱ በቃለ ጉባኤ ጻፈው።

«ለነገ የማይባል፣ ይላል» አለ የሕግ አማካሪው፣ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ። «ግንዱ የተሰነጠቀው መቼ ነው?»

«ካቻምና» አለች የንብረት ክፍሏ ኃላፊ።

«ካቻምና ለዓምና ተባለ፤ ዓምና ለዘንድሮ ተባለ። ታዲያ አሁን ለነገ የማይባልበት ምክንያት ምንድን ነው? መመሪያው ከዚህ በፊት ለነገ ተብሎ የማያውቅ ነው የሚለው።»

ሹሙ አፉን ከፈተ።

«ሰብሳቢው ዝም ይላሉ ተብሏል» አለ አማካሪው በአክብሮት። «ደግሞስ የራስህ አንቀጽ እኮ ነው። እንዴት አድርገህ እንደጻፍከው ሁሌም ይገርመኛል።»

ወረቀቱ ቃሉን አስተካክሎ እንዲያቀርብ ተመለሰለት። ሹሙ «አጣዳፊ» ብሎ አቀረበ። ድልድዩ ታሟል ወይስ በጀቱ ሊዘጋ ነው ተብሎ ተመለሰ። «አንገብጋቢ» አለ። ድልድይ ጥያቄ አይደለም ተባለ። ከመዝገበ ቃላቱ ሥር ገብቶ «አሳሳቢ» የምትል አወጣ፤ አማካሪው ወደዳት። «ይህቺ ጥሩ ናት» አለ። «አሳሳቢ ከሆነ ግን ተገቢው ነገር ማሰብ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ አስበን እንምጣ።»

አስበው ሳይመጡ ሹሙ ስልክ ተደወለለት። የእናቱ ጎረቤት ነበር። «እናትህ ድልድዩ ላይ ወድቃለች» አለው። «ተርፋለች፣ ግን ናና እያት።»

ያን ቀን ሹሙ ሮጠ። በኮሪደሩ ያሉት ሁሉ ዘወር ብለው አዩት፤ ሩጫው አዲስ ሆኖባቸው ሳይሆን ፋይል ስላልያዘ ነበር። ፈፋው ጋ ሲደርስ ጣውላው ተሰብሮ አፉን ከፍቷል፤ የእናቱ አንድ እግር ጫማ ከታች ድንጋዩ ላይ ወድቋል። በጎኑ ተንፏቅቆ ተሻገረ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም።

እናቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተልጧል። ውሃ አሙቆ አጠበላት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አሰረላት።

«ትንሽ ታገሺኝ እማዬ» አላት። «ቃሉን እያስተካከልኩ ነው።»

«የምን ቃል?»

ነገራት። ስለ አጣዳፊና ስለ አንገብጋቢ፣ ስለ ደረጃውና ስለ አንቀጹ፣ ማን ምን ብሎ እንደ መለሰው ሁሉንም ነገራት። እናቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አንተ ልጅ» አለች። «ትንሽ ሆነህ ውሃ ሲጠማህ ምን ነበር የምትለኝ?»

«ውሃ።»

«እኔስ ምን አደርግ ነበር?»

«ታመጪልኝ ነበር።»

«እኮ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሹሙ በዚያች ቃል የተቀጣውን ያህል በቁንጥጫም ተቀጥቶ አያውቅም።

ቁስሉ ሻር ሲል ኮሚቴው ስለ ድልድዩ ለማሰብ ተሰበሰበ። ስብሰባው ሲያልቅ ሹሙ ድካም እንደ ጭነት ተጭኖት ወጣ። የኃላፊው ጸሐፊ በር ላይ ጠበቀችው።

«እናትህ መጥተው ነበር» አለችው።

«እናቴ? በየት በኩል?»

«ፈፋው ገና አልሞላምና በታች በኩል ሩቅ ዞረው፣ በምርኩዝ። አንተ ስብሰባ ላይ ስለነበርክ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ሁሉ ሲሮጥ እያዩ "እሳት ተነሥቷል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ አናጢው ሄዱ፤ አናጢው ወረቀት ያስፈልገኛል አላቸውና ተመልሰው መጡ። ጻፊልኝ አሉኝ፤ ጻፍኩላቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«እንዳሉኝ ነዋ። "ለአናጢው፤ ሲመችህ የፈፋውን ድልድይ ጠግንልን" ብዬ።»

ሹሙ ደነገጠ። «ማን ፈረመው?»

«ኃላፊው። ቀይ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ካዩ ስንት ጊዜያቸው። የመልካም ምኞት ካርድ ነው ብለው ነው መሰለኝ፣ ፈገግ ብለው ፈረሙ። የጥድፊያ ቃል ስለሌለበት ኮሚቴም አልገባም፣ በቀጥታ ወረደ።» ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናትህም አናጢውም አብረው ሄደዋል። ግንዱም ጣውላውም በጋሪ ነው የተጫነው።»

ሹሙ ፈፋው ጋ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አዲስ የተላገ እንጨት ይሸታል። ሁለት ጠንካራ ግንዶች ከዳር እስከ ዳር ተጋድመዋል፣ ጣውላው ተረብርቧል፣ መደገፊያ እንኳ ተሠርቶለታል። አናጢው የመጨረሻዎቹን ምስማሮች እየመታ ነው። እናቱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታዝዛለች።

«ከወዲያ በኩል ትንሽ ይንቀጫቀጫል ልጄ።»

«አየሁት እማማ፣ አሁን እመጣበታለሁ።»

ሹሙ መሃል ድልድዩ ላይ ቆመና በእግሩ መታው። አልተነቃነቀም። ደስታው እንባውን አመጣው፤ ያን ሁሉ ቃል ሲያገላብጥ የከረመበትን ሥራ አንድ መዶሻ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። እናቱ ግን «ልጁ እጁ ጥሩ ነው» ብቻ አለች።

የደስታው ዕድሜ አጭር ነበር። ኮሚቴው ስለ ድልድዩ አስቦ ጨርሶ ነበርና ቦታውን ለማየት ሄደ፤ ድልድዩ ቆሞ ጠበቀው። እንዲህ ያለ ድፍረት በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ኃላፊው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ፤ ይህኛው ላይ በእውነትም ተገኙ።

«"ሲመችህ"?» አሉ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው። «በእኔ ፊርማ ላይ "ሲመችህ"? አናጢው ይጠራ።»

አናጢው ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

«መቼ ነው የሠራኸው?»

«ወረቀቱ የደረሰኝ ዕለት።»

«ወረቀቱ ሲመችህ ነው የሚለው።»

«ተመችቶኝ ነበር ጌታዬ።»

«እንዴት ሊመችህ ቻለ? ሁላችንም እዚህ ስንጣደፍ?»

«ሥራ አልነበረኝም።»

ከውጭ የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ መምታት ጀመረ። የሕግ አማካሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጥገናው በደረጃ ስላልታየ» አለ፣ «በሕግ ዓይን አልተካሄደም። ስለዚህ ድልድዩ አሁንም የተሰነጠቀ ነው።»

«ሰው እየተሻገረበት እኮ ነው» አለች የንብረት ክፍሏ ኃላፊ።

«እሱ ነው የሚያሰጋው። በሕግ በሌለ ድልድይ ላይ እየተሻገሩ ነው። አንድ ነገር ቢደርስ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

ኃላፊነት የሚለው ቃል ሲነሣ የሁሉም ፊት ቀለሙ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ውሳኔው አልዘገየም። አዲሱ እንጨት ተነቅሎ ንብረት ክፍል ገቢ ይሆናል፤ የተሰነጠቀው ግንድ ተፈልጎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የሹሙ ጥያቄም «አሳሳቢ» በሚል ደረጃ፣ በተራው፣ በሥርዓቱ ይታያል።

ሹሙ ዝናቡን ይሰማል። ፈፋው ዛሬ ማታ ይሞላል። ድልድዩ ከፈረሰ እናቱ ክረምቱን ሙሉ ያለ መድኃኒት ማዶ ትቀራለች፤ በተሰነጠቀው ግንድ ላይ ከወጣች ደግሞ በዚህኛው ጊዜ የሚቀረው ጫማዋ ብቻ አይሆንም።

«ይህን በደረጃ ማጓተት አያስፈልግም» አሉ ኃላፊው። ሰው ከስሕተቱ ይማራል፤ እሳቸውም ተምረው ነበር። «እንደዚያኛው ወረቀት ያለ ጥድፊያ ቃል ይጻፍ። ዛሬውኑ ይውረድና ነገ ጠዋት ያፍርሰው።»

«ዲጅኖዬ ወርክሾፕ ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ» አለ አናጢው። ወረቀት ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ሠርቶም አፍርሶም ቅር አይለውም።

ሹሙ የሆነ ነገር ገባው። ከመቀመጫው ሲነሣ የገዛ ወንበሩ ሲጮህ ሰማ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ» አለ። «ይህ ጽሕፈት ቤት ስንት ዘመን ሲቸኩል ኖሮ፣ የተደፈረ ክብሩን የሚያስመልስበትን ትእዛዝ እንደ ሻይ ቤት ወረቀት ያለ አንድ የጥድፊያ ቃል ሊልከው ነው? ነገ ሕዝቡ ምን ይላል? ሲሠሩም ሲመቻቸው፣ ሲያፈርሱም ሲመቻቸው፣ አይልም? ይህ መሥሪያ ቤት ጥድፊያውን ካላሳየ ሌላ ምን የሚያሳየው አለው?»

ኃላፊው ወንበራቸው ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ከዚያም አልፈው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። «እውነት ነው» አሉ። «እና ምን ይባል?»

«ሁሉም ይባል» አለ ሹሙ።

ቁጭ ብሎ ጻፈ። እጁ ይህን ያህል ተሳክቶለት አያውቅም። ሲጨርስ ቆሞ በጎላ ድምፅ አነበበው። «እጅግ አስቸኳይ፣ አጣዳፊ፣ አንገብጋቢ፣ ጊዜ የማይሰጥና ለነገ የማይባል ትእዛዝ። በፈፋው ላይ ያለው ድልድይ ያለ አንዳች መዘግየት፣ ሳይውል ሳያድር፣ በአፋጣኝ ይፍረስ።»

ኃላፊው ዓይናቸውን በመሀረብ ጠረጉ። የስድስቱም ደረጃ ማኅተሞች መጡ፤ ወረቀቱ በራስጌው፣ በግርጌውና በሁለቱም ጎኖቹ ቀላ። አናጢው እጁን ሲዘረጋ ግን የሕግ አማካሪው ቀድሞ ያዘው።

«ትንሽ ቆይ» አለ። «አንገብጋቢ የሚለው ለጥያቄ ብቻ አይደለም እንዴ? ይህ ትእዛዝ ነው። አጣዳፊ የሚለውም... አፋጣኝም ያለ ምላሽ ብቻውን ነው የቆመው። ይህ መጣራት አለበት።»

«መጣራትማ አለበት» አለ ሹሙ፣ እንደ መልአክ የዋህ ሆኖ። «በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ መመሪያው ከተጣሰ የት ይከበራል?»

«እኔስ?» አለ አናጢው።

«አንተ ጠብቅ» አሉት ሁሉም ባንድ ድምፅ። አናጢውም ወደ ወርክሾፑ ተመልሶ መጋዙን መሳል ቀጠለ።

ትእዛዙ ከክምሩ ሁሉ አናት ላይ ተቀመጠ። ስድስት ደረጃ ባንድ ወረቀት ላይ ቀርቦ ስለማያውቅ ኮሚቴው ቃላቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አዲስ ደረጃ ይወጣቸው እንደሆነ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ሹሙ ሆነ። ሹሙ በሥራው ላይ የሚያሳየው ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳያጠና አያልፍም፤ ስብሰባ አይቀርም፤ ጥናቱ ሊያልቅ ነው የሚሉትን ወጣቶች ሥራ በጥድፊያ እንደሚበላሽ በትዕግሥት ያስረዳቸዋል። ኃላፊውም በየሄዱበት ያመሰግኑታል።

ክረምቱ ጠንክሮ ፈፋው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሲያገሳ፣ ሹሙ እናቱን ከጤና ጣቢያ ይዟት ይመለስ ነበር። መድኃኒቷን በፌስታል አንጠልጥላለች። መሃል ድልድዩ ላይ ስትደርስ መደገፊያውን ይዛ ቆመችና ወደ ታች አየች።

«ይሄን ሊያፈርሱት ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እናቱ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችው። «አንተ? መቼ ነው የሚፈርሰው ታዲያ?»

ሹሙ ክንዷን ደገፍ አደረጋት።

«አታስቢ እማዬ» አላት። «እጅግ በጣም አስቸኳይ ነው።»